የሚዛን አስተካካዩ ሚስት

ባሌ ሚዛን አስተካካይ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በየገበያውና በየመጋዘኑ እየዞረ የሰውን ሚዛን ሲፈትሽ፣ የተዛባውን ሲያቃና፣ የተቃናውን በእርሳስ ማኅተም ሲያትም ኖሯል። ከናስ የተሠሩትን የሚዛን ድንጋዮቹን የሚይዝበት የእንጨት ሣጥን ውስጡ በአረንጓዴ ከፋይ የተለበጠ ሲሆን፣ ከትልቁ እስከ ትንሹ እያንዳንዱ ድንጋይ እንደ ሕፃን የራሱ መኝታ አለው። በባዶ እጁ አይነካቸውም፤ የጨርቅ ጓንት ያጠልቃል። «የእጅ ላብ ክብደት አለው» ይላል። በተጋባን ሰሞን ይህን ሰምቼ ከት ብዬ ስስቅ እሱ ፈገግ እንኳ አላለም። አንድ ጊዜ በሃያ ግራም ምክንያት የአንድ ሥጋ ሻጭ ሱቅ ሦስት ቀን አዘግቷል። ሥጋ ሻጩ የአክስቱ ልጅ ነበር።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን የሰማ ሁሉ «እንዴት ሳትጠረጥሪ?» እያለ ስለሚያደርቀኝ ነው።

እኔ በማተሚያ ቤት የጽሑፍ አራሚ ነኝ። ሥራው ተቀምጦ የሰው ስህተት መልቀም ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ፣ በቀኝ እጄ ቀይ እስክሪብቶ፣ በግራዬ ብስኩት። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ እስክሪብቶው ዕውቀት፣ ብስኩቱ ሥጋ ጨምሮልኝ ዘጠና ስድስት ኪሎ ሆንኩ። ከጎኔ የሚቀመጠው ገጽ አቀናባሪ ወንበሬ ሲንቋቋ በሰማ ቁጥር «እትዬ፣ ወንበሩ እርማት እየጠየቀ ነው» ይለኛል። እኔም ከሁሉ ቀድሜ እስቃለሁ። ወፍራም ሴት የምትማረው የመጀመሪያው ጥበብ ይህ ነው፤ በራስ ላይ ለመሳቅ ሰው እንዳይቀድም መሽቀዳደም።

ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እናታችን ስትሞት አሥራ አንድ ዓመቷ ስለነበር ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ሚጣዬ እላታለሁ። አርባ አራት ዓመት በሞላት በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቆሙ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት፣ ደሟ በቱቦ እየወጣ በማሽን ታጥቦ ይመለስላት ጀመር። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ። መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ አቧራ ተኛ። የሌላ ሰው ቤት አቧራ እንኳ ታግሳ የማታውቅ ልጅ፣ የራሷን እያየች ማለፍ ለመደች።

ደማችን ተመርምሮ ገጠመ። ንቅለ ተከላው የሚሠራበት ሆስፒታል በአውቶቡስ ስድስት ሰዓት የሚያስኬድ ሌላ ከተማ ውስጥ ነው፤ ቀዶ ሐኪሞቹም በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እየመጡ ለሁለት ሳምንት የሚቆዩ ናቸው። የመረመረኝ ሐኪም ወረቀቶቼን ደጋግሞ ካገላበጠ በኋላ ቀና አለ።

«ኩላሊትዎ ደህና ነው። ልብዎም ደህና ነው። ክብደትዎ ግን በዚህ መጠን እያለ አንነካዎትም፤ ጤነኛ ሰው ቀደን በሽተኛ አናደርግም። ሰማንያ ሁለት ኪሎ ሆነው ይምጡ።»

«የሚቀጥለው ዙር መቼ ነው?»

«የቅርቡ ሞልቷል፤ ቀጣዩ ከስምንት ወር በኋላ ነው።»

በመመለሻው አውቶቡስ ሚጣዬ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች።

«እትዬ፣ ደግሞ እንዳትጨነቂ። ካልሆነም…»

«ዝም በይ! አሥራ አራት ኪሎ ነው እንጂ አሥራ አራት ተራራ አይደለም።»

«አንቺ ብስኩት ልትተዪ?»

«ላንቺ ስል ዳቦም እተዋለሁ።»

«እሱን እንኳ አላምንሽም» ብላ ሳቀች። ያን ሳቅ ዛሬም በጆሮዬ እሰማዋለሁ፤ ሌላ ጊዜ ሳታምነኝ ስትቀር አልሳቀችምና።

ከዚያ በፊት፣ ሆስፒታሉ ከሥነ ምግብ አማካሪዋ ጋር አገናኝቶኝ ነበር። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራት፣ እንደ ሸምበቆ የቀጠነች ነርስ ናት። ከአፏ «ግማሽ» የሚለው ቃል ስለማይጠፋ በልቤ ወይዘሮ ግማሽ ብዬ ሰየምኳት፤ በኋላም በዚሁ ስም ስጠራት ወደደችው።

«ስሚኝ» አለችኝ፣ «በሳምንት ግማሽ ኪሎ። ከዚያ በላይ አወርድሻለሁ የሚል ሰው ካጋጠመሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ሩጪ፤ ሩጫውም ይጠቅምሻል። ከሳህንሽ ግማሹ አትክልት ይሁን። ከቀረው ላይ ግማሹ ሩዝ ወይም ዳቦ፣ ግማሹ ምስር ወይም ዓሣ ወይም ሥጋ። ዳቦ ጠላትሽ አይደለም፤ ግማሹን ብዪው። ከምትወርጂበት ፌርማታ አንድ ቀድመሽ ውረጂ። ቢሮሽ ስንተኛ ፎቅ ነው?»

«አራተኛ።»

«ሊፍት አለው?»

«አለው።»

«የለውም» አለች። «ከምሳ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ። እያነበብሽ አትብዪ፤ ዓይን ሌላ ቦታ ሲውል እጅ ቆጠራ ያቆማል። ጾምሽን ውለሽ ማታ እንደ ተራበ አንበሳ ማዕድ ላይ አትውደቂ። ተኚ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጣፋጭ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ይህን የምታደርጊው ለስምንት ወር ብቻ ብለሽ ከሆነ በዘጠነኛው ወር ሁሉም ተመልሶ ይሰፍርብሻል። እስክትሞቺ ልትበዪው የማትችይውን አመጋገብ ዛሬም አትጀምሪው። ቀስ በቀስ…»

«እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብዬ ጨረስኩላት።

«አወቅሽው!»

«አራሚ ነኝ። በዓመት ሠላሳ ጊዜ አነበዋለሁ።»

ሳቀችና ጣቷን ቀሰረች። «የመጨረሻው። አንድ ሚዛን ብቻ! በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሳትበዪ። መድኃኒት ቤት ስትገቢ፣ ሰው ቤት ስትሄጂ፣ ያገኘሽው ሚዛን ላይ ሁሉ አትውጪ። ሚዛንና ሚዛን አይስማማም፤ አንዱ ያስፈነድቅሻል፣ አንዱ ያስለቅስሻል፣ በመሃል ልብሽ ይዋልላል። ቤትሽ ጥሩ ሚዛን አለ?»

«ባሌ ሚዛን አስተካካይ ነው።»

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «እንግዲያውስ የእናንተ ቤት ሚዛን ከሆስፒታሉ ይበልጣል። በየሰኞው ደውለሽ ቁጥሩን ንገሪኝ።»

ባሌ ሥራውን በክብር ተቀበለ። ከአንድ የተዘጋ ክሊኒክ የገዛውን ትልቅ ባለ ቀስት ሚዛን ፈታ፣ አጸዳ፣ ዘይት ቀባ፣ ጓንቱን አጥልቆ በድንጋዮቹ ፈተሸ፤ በመጨረሻም በእርሳስ ማኅተም አትሞ አልጋችን ሥር አስገባው። በከተማው ውስጥ ማኅተም ያለው የመኝታ ቤት ሚዛን የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ሳምንታት ደግ ነበሩ። ከአንድ ፌርማታ ቀድሜ ስወርድ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀውን የመንገዱን ግራ ወገን አወቅሁ፤ ቁልፍ የሚቀርጸውን ሰውዬ፣ ጎማ ውስጥ አበባ የተከለችውን ባለ ሱቅ። የማተሚያ ቤቱን ደረጃ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ አርፌ፣ በሁለተኛው ወር ሳላርፍ ወጣሁ። ብስኩቱን ከጠረጴዛዬ መሳቢያ አውጥቼ ኮሪደሩ ጫፍ ያለው መደርደሪያ ላይ አኖርኩት፤ ተነስቶ መሄድ ስለሚያስፈልግ ከአምስት ጊዜ አራቱን ስንፍናዬ አዳነኝ። ሰኞ ሰኞ ባሌ መነጽሩን አድርጎ ይንበረከካል፤ ቁጥሩን እንደ ዳኛ ጮክ ብሎ ያነባል። ዘጠና አምስት ተኩል። ዘጠና አምስት። ቀሚሶቼ ሰፉ። ገጽ አቀናባሪው «እትዬ፣ ወንበሩን ናፈቅሽው» አለኝ። በዘጠነኛው ሰኞ ዘጠና አንድ ደረስኩ።

ከዚያ ቀስቱ እዚያው ተቸነከረ።

ሦስት ሰኞ ሙሉ አልተነቃነቀም። ወይዘሮ ግማሽ በስልክ አጽናናችኝ። «የሚጠበቅ ነው። ሰውነትሽ ሞኝ አይደለም፤ ረኃብ የመጣ መስሎት ወጪውን ቆጠበ። እሱ ይቁም፤ አንቺ አትቁሚ። ደረጃውን ጨምሪ፣ ሳህኑን አትቀንሺ። ወር ቢፈጅም ይለቅሻል።» ምክሯ እውነት እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። በአራተኛው ሰኞ ግን ቀስቱ ይባስ ብሎ ሁለት መቶ ግራም ወደ ላይ ሄደ። በዚያ ሳምንት የሚጣዬ የክንዷ ደም ሥር ተበላሽቶ ቱቦውን አንገቷ ላይ ተክለውላት ነበር።

መኝታ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። «አልችልም! ዓይኔ እያየ ልትሞትብኝ ነው። ሥጋዬ እሷን ሊበላት ነው!»

ባሌ አጠገቤ ቆሞ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። የሚያጽናና ቃል የማያውቅ ሰው ነው፤ ሲያዝን የሆነ ነገር ይጠግናል። የዚያን ዕለት ማታም የሆነ ነገር ሲጠግን አመሸ መሰለኝ እንጂ ምን እንደሆነ አላየሁም።

በሚቀጥለው ሰኞ ዘጠና ከስምንት መቶ ሆንኩ። አቅፌ ሳምኩት። ወይዘሮ ግማሽ «አላልኩሽም?» አለች። ከዚያም መውረድ ቀጠለ፤ ዘጠና ከአራት መቶ፣ ዘጠና፣ ሰማንያ ዘጠኝ ተኩል። ዝናብ ስላለ ፌርማታ ሳልቀድም የሄድኩበት ሳምንት እንኳ ወረደ። አስቸኳይ የመማሪያ መጽሐፍ ስናርም ብስኩቱ ወደ መሳቢያዬ የተመለሰበት ሳምንትም ወረደ። «በቃ፣ አካሌ መንገዱን ለምዷል» አልኩ። ሊፍቱ እንደገና ኖረኝ። ግማሽ የነበረው ዳቦ ሲሦ ጨመረ፤ ሚዛኑ ይቅር ካለኝ እኔ ማን ነኝና ራሴን የምቀጣው?

ባሌ ግን ቁጥሩን ማንበብ ተወ። ሰኞ ጠዋት ሲሆን ዳቦ ለመግዛት ይወጣል። በሚዛን ወሬ የማይጠግብ ሰው፣ ስለዚያ ሚዛን ሳወራለት የጫማውን ክር ማሰር ይጀምራል። ቀሚሶቼም መስፋት አቁመው ነበር። ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል አልኩ። በሰው ጽሑፍ ውስጥ የጎደለች አንዲት ነጥብ ከሩቅ የምትታየኝ ሴት፣ በገዛ ወገቤ ላይ የተጻፈውን አልፌው ሄድኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ የሰኞ ቁጥሮቼን የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ ነበርና ሁለቱንም ሆንኩ።

የኩላሊት እጥበት በሚደረግበት ማዕከል በር አጠገብ ሚዛን አለ። ሕመምተኞቹ ከእጥበቱ በፊትና በኋላ ይመዘናሉ፤ ልዩነቱ በሰውነታቸው የተጠራቀመው ውሃ ነው። ሚጣዬን በሳምንት አንድ ቀን እኔ ስለማደርሳት፣ ያ ሚዛን ከጫማዬ አንድ ክንድ ርቆ ለወራት ተቀምጧል። እሷ በቀን ከሦስት ብርጭቆ በላይ እንዳትጠጣ ተከልክላ የበረዶ ቁራጭ ትመጥጣለች፤ እኔ ከምግብ በፊት ውሃ ጠጪ ስለተባልኩ ከቦርሳዬ ጠርሙስ አይጠፋም። እሷ ፊት አልጠጣም ነበር። ጠርሙሱ ግን ይታያል።

አንድ ቀን ተመዝና ስትወርድ «እትዬ፣ ሰማንያ አራት ገባሁ አላልሽም? እስቲ ውጪበት፤ ነርሷም ትይልሽ» አለችኝ።

«አይሆንም! አንድ ሚዛን ብቻ ተብያለሁ።»

«ለጨዋታ ነው እኮ።»

«ሚዛንና ሚዛን አይስማማም፣ ሚጣዬ። ልቤን አታዋልይብኝ።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ «እሺ» ብላ አልጋዋ ላይ ወጣች።

በዚያው ሳምንት ለሆስፒታል የሚሆን ከፊት የሚከፈት የሌሊት ልብስ ልትሰፋልኝ ሜትሯን ወገቤ ላይ አዞረች። ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛለች። ቁጥሩን አየች፤ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተች።

«ስንት ሆነ?»

«ደህና ነው» አለች በስፒሎቹ መሃል።

ጉዞው አሥር ቀን ሲቀረው ባሌ እራት ላይ እያለን ጉሮሮውን ጠረገ። «እስቲ አንድ ቀን ክሊኒክ ገብተሽ ተመዘኚ።»

«አንተ ነህ ይህን የምትለው?»

«እንዲያው ለማረጋገጥ…»

«እኔ የማምነው ያንተን ማኅተም ነው» አልኩት፣ እጁን መታ መታ እያደረግሁ። የዚያን ጊዜ ፊቱን ማየት ነበረብኝ። እኔ ግን ሳህኑን አያለሁ፤ ግማሹ አትክልት መሆኑን።

ቀዶ ሕክምናው ሦስት ቀን ሲቀረው ሆስፒታሉ ገባን። ወይዘሮ ግማሽ በኮሪደሩ እየሮጠች መጥታ ሳመችኝ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ራቅ ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ፈገግታዋ ትንሽ ተንጠልጥሎ ቀረ። «ነይ እንመዝንሽ» አለች።

ቁጥሩ በቀይ መብራት በራ። ሰማንያ ዘጠኝ ከአራት መቶ።

«ሚዛናችሁ ተበላሽቷል» አልኩ። እየሳቅሁ ነበር። ወረድኩ፤ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ወጣሁ። ሰማንያ ዘጠኝ። ከሚቀጥለው ክፍል ሌላ ሚዛን አስመጡ። ሰማንያ ዘጠኝ ከሦስት መቶ። ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። ሚጣዬ በተሽከርካሪ ወንበር በሩ ላይ ተቀምጣ ታያለች።

«ባሌ ሚዛን አስተካካይ ነው!» አልኩ፣ ድምፄ እየቀጠነ። «ድንጋዮቹ አብረውት ናቸው፤ ያለ እነሱ ከቤት አይወጣም። ይምጣና ሚዛናችሁን ይፈትሽላችሁ!»

ኮሪደሩ ውስጥ ነበር። ሣጥኑን ይዞ ገባ። ሁላችንም ዞር ብለን ቦታ ሰጠነው። ሚዛኑን አየው፤ እኔን አየኝ፤ ሣጥኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ጓንቱን አላወጣም። መቆለፊያውን አልነካም።

«ሚዛኑ ደህና ነው» አለ።

ሣጥኑን ሳይከፍት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ያልዋሸ ሰው እንዴት እንደሚዋሽ ገባኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ያውም ለሚወዱት።

ሐኪሙ በትሕትና ተናገረ። ደም ግፊቴም ከፍ ብሏል፤ ስኳሬም ከድንበሩ ላይ ነው። በዚህ ዙር አይሆንም። ከስድስት ወር በኋላ። ለእኛ የተያዘውን ቀን ለሌላ ሰው ሰጡ፤ ኮሪደሩ ላይ ሌላ ቤተሰብ እልል ሲል ሰማን።

ባሌ ከሆስፒታሉ በስተኋላ ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ነገረኝ። «ስታለቅሺ አልቻልኩም። መጀመሪያ ሁለት መቶ ግራም ብቻ ነበር፤ ቀስቱ ወደ ላይ የሄደባትን። ባዶውን ሲሆን ዜሮ እንዲል አድርጌ ሞላውን አጠበቅሁት። ልቧ ሲበረታ ትደርስበታለች፣ ከዚያ ቀስ ብዬ እመልሰዋለሁ ብዬ። አልደረስሽበትም። ካቆምኩ ቀስቱ ይቆማል፤ ቀስቱ ከቆመ ታለቅሻለሽ። እናም በየእሑዱ…»

«ማኅተሙስ?»

«በየእሑዱ ሰብሬ አትመዋለሁ።»

«እዚህ ስንደርስስ ምን ይሆናል ብለህ ነበር?»

ጉልበቱን አየ። «ሰባት ኪሎ ለሐኪም ምንድን ነው፣ አያልፉትም ወይ ብዬ።»

በሃያ ግራም የአክስቱን ልጅ ሱቅ ያዘጋው ሰው ነው ይህን የሚለው። ያገባሁት ሰው ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት ይቀል ነበር! እንደ ድመት እቧጭረው፣ ልብሴን በሻንጣ ከትቼ እወጣ ነበር። እሱ ግን እዚያው አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ጓንት በሌለው እጁ እጄን ይዞ ያለቅሳል።

ወይዘሮ ግማሽ ስትሰናበተኝ ባሌ ያደረገውን ነገርኳት፤ አልተቆጣችም። «ያ የመጀመሪያው አምስት ኪሎ የራስሽ ነበር» አለች። «አምስት ኪሎ ትልቅ ነገር ነበር። ያንን ይዘሽ እንድታለቅሺ ቢተውሽ ኖሮ…» ብላ ዓረፍተ ነገሩን ተወችው። ይህን እንኳ ልጨርስላት አልቻልኩም።

አውቶቡሱ ውስጥ ሚጣዬ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር። ሦስት ከተማ ካለፍን በኋላ ሳትዞር ተናገረች።

«ወገብሽን ስለካ አውቄ ነበር።»

«አውቀሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የፈራሽ መሰለኝ። ሰው ከገላው ቆርጦ ለመስጠት ቢፈራ ነውር የለውም፣ እትዬ። እንዳታፍሪ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ቁጥሩን ግን መዋሸት አልነበረብሽም።»

«ሚጣዬ፣ አልዋሸሁም! ሚዛኑን ያዛባው እሱ ነው። ጠይቂው!»

ባሌ ከኋላችን ካለው ወንበር ጎንበስ አለ። «እውነቷን ነው። እኔ ነኝ። በእጄ ነው ያዛባሁት።»

ሚጣዬ ዞራ አየችው፤ ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ኖሮ ደስ ባለኝ። «ጋሼ» አለች፣ «አንተ ሚዛን አታዛባም። ይህን አገር ያውቀዋል። ሚስትህን ከሐፍረት ለማዳን ብለህ ራስህን ስታዋርድ ግን ዛሬ የበለጠ አከበርኩህ።»

ማለ፤ ተገዘተ። በማለ ቁጥር እሷ ይበልጥ አከበረችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያጠራቀመው ታማኝነት ሁሉ በዚያች ሰዓት ተነስቶ በእኔ ላይ መሰከረ።

የቀጠለውን አሳጥራለሁ፤ ክፉ ነገር ሲደጋገም ሰው ይሰለቻል። ከዚያ በኋላ አልጋዬ ሥር ያለው ሚዛን ላይ አልወጣሁም። በየሳምንቱ ማዕከሉ ውስጥ ያለው ሚዛን ላይ፣ ሚጣዬና ነርሷ እያዩኝ ወጣሁ። ቀስቱ ሲቆም አላለቀስኩም፤ ደረጃውን ጨመርኩ፣ ሳህኑን አልቀነስኩም። ለአምስት ሳምንት ቆሞ ያውቃል። ከዚያ ወይዘሮ ግማሽ እንዳለችው ለቀቀኝ። ሚጣዬ ቁጥሩን ታያለች፤ ምንም አትልም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰማንያ ስድስት ስገባ፣ «አሁን ድፍረቱን አገኘሽ?» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። ልታበረታታኝ ነበር።

በአራተኛው ወር አንገቷ ላይ ባለው ቱቦ ጀርም ገባ። ሦስት ሳምንት ትኩሳት አቃጠላት፤ ጀርሙ ልቧ ድረስ ዘልቆ ደም ከሚያሳልፉት በሮች አንዱን በላው። ሐኪሞቹ በዙራቸው ሲመጡ እኔ ሰማንያ አንድ ከስድስት መቶ ነበርኩ፤ ግፊቴ የተስተካከለ፣ ስኳሬ የወረደ። ያ ትሑት ሐኪም ወረቀቴን አይቶ «እርስዎ እንደ ምሳሌ የሚጠቀሱ ለጋሽ ነዎት» አለኝ። የእሷን ወረቀት አገላብጦ ደግሞ መነጽሩን አወለቀ። ልቧ ማደንዘዣውን አይችልም። በዚህ ዙር ብቻ ሳይሆን፣ በየትኛውም ዙር።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈ። ሚጣዬ አሁንም በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽኑ ጋር ናት። ባሌ አሁንም ሣጥኑን ይዞ በየገበያው ይዞራል፤ ከሦስታችንና ከወይዘሮ ግማሽ በቀር የሚያውቅበት የለም፤ ከሦስታችንም አንዷ አታምንም። በየሌሊቱ ከሚዛኑ በላይ ጎን ለጎን እንተኛለን። ቀስቱን ወደ እውነቱ መልሶ አትሞታል፤ የሚወጣበት ግን የለም። ማተሚያ ቤት ውስጥ ወጣቶቹ ሴቶች ምስጢሬን ይጠይቁኛል፤ ሳልሰስት እነግራቸዋለሁ። ግማሽ ሳህን አትክልት፣ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ብስኩቱን ኮሪደር ጫፍ ማኖር፣ ሲቆም አለመደንገጥ። «የሚያበረታታን ሰውስ ከየት እናምጣ፣ እትዬ?» ሲሉኝ ብስኩቴን ፍለጋ ወደ ኮሪደሩ እሄዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቀሚሶቼን ልታጠብብልኝ ሚጣዬ ጠራችኝ። ጥሩ ቀኗ ነበር፤ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ተወልውሏል። ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ ሜትሯን ወገቤ ላይ አዞረች፤ ክንዷ ከሜትሯ ብዙም አይወፍርም። በዚህ ጊዜ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች።

«ሰማንያ ስምንት። ያኔ መቶ አራት ነበር፤ ወረቀቱ አሁንም መሳቢያው ውስጥ አለ።»

«አውቃለሁ።»

ጨርቁን በግራና በቀኝ ቆንጥጣ አጠፈች። «እትዬ፣ አሁን ለማን ብለሽ ነው የምትከሺው?» አለች።

«እስክትሞቺ ልትበዪው የምትችይውን ጀምሪ ተብዬ ነው» አልኳት። ልቀልድ ፈልጌ ነበር።

አልሳቀችም። አንድ ስፒል ከከንፈሯ አውጥታ ወገቤ አጠገብ ሰካች፤ ቀዝቃዛ ጫፉ ቆዳዬን ነካ ሲያደርገኝ ሸሸሁ።

«አትንቀሳቀሺ» አለች። «ዝም ብለሽ ቁሚልኝ።»

ዝም ብዬ ቆምኩላት።